ጌታው ባህር የገባ ለታ

ጌታው እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሲኖር ለባህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የኖረ። ሥራው ወደብ ነበር። መጀመሪያ ከመርከብ የሚወርደው ዕቃ የሚከማችበትን መጋዘን ይጠርግ ነበር፤ በኋላ ፎርክሊፍት መንዳት ተምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕቃ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ ኖረ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሠራተኞች ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው ይቀመጣሉ። እሱ ወንበሩን ወደ መጋዘኑ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ጓደኞቹ ጸሎት የሚያደርስ ይመስላቸው ነበር።

እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ። የአንድ አገር ልጆች ነን፤ መንደራችን መገጭ ወንዝ አጠገብ ነበር። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የሠሩትን ማረሻ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይወስዳሉ። አንድ ክረምት ያልተሸጠውን ማረሻ በጀርባቸው አዝለው ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ጌታው ያን ጊዜ ጥርሱን ገና ነቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ነው፤ አባቱን ሊቀበል ወርዶ ከወዲህኛው ዳር ቆሟል። ውሃው መጀመሪያ ጉልበታቸው ላይ፣ ቀጥሎ ወገባቸው ላይ ደረሰ። መሀል ላይ ቆም ብለው ለልጃቸው እጃቸውን አውለበለቡለት። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የታየው። ያገራችን ሰው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ለጨዋታ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ጌታው ውሃ ገብቶ አያውቅም። እኛ ቤተ እስራኤሎች ለመንጻት ወንዝ መውረድ ልማዳችን ነበር፤ ሰንበት ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ ይወርዳል። እሱ ግን ዳር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የዛፍ ሥር ጨብጦ፣ በሌላው በቅል እየቀዳ ራሱ ላይ ያፈስ ነበር። ቄሶቹ ያውቃሉና ዝም ይሉታል። በፈረንጆች 1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አምጥተውን፣ ከሆቴል ሆቴል፣ ካራቫን ከሚሉት ጊዜያዊ ቤት ወደ ሌላው አዙረው በመጨረሻ አሽዶድ ቤት ሲሰጡን፣ ሚስቱ ሰብለወርቅ ከመስኮቱ ባህሩ ይታይ እንደሆነ ነው መጀመሪያ ያየችው። አለመታየቱን አረጋግጣ "ይሁን" አለች።

ክበባችን፣ እኛ እንደ አገሩ ሞዓዶን የምንለው፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ካረጀ ሕንፃ ሥር ያለች ሁለት ክፍል ናት። ጡረታ የወጣን ወንዶች ጧት ጧት እንሰበሰባለን። ገበጣ እንጫወታለን፣ ከጀርባ ባለችው ቁራጭ መሬት በርበሬና ጌሾ እንተክላለን፣ ሐኪም ስላዘዘልን መድኃኒት እንከራከራለን። አንድ ልማድ ደግሞ አለን። አባል ሲሞትብን ንግግር አናበዛም። ሰውየው በሕይወቱ ይወድ የነበረውን አንድ ነገር ሁላችን አብረን እናደርግለታለን። ባቡር የሚወድ ሰው ነበረን፤ እሱ ሲሞት ተሰብስበን ባቡር ተሳፈርን፣ እስከ ሰሜኑ ጫፍ፣ እስከ ናሃሪያ ሄደን፣ ጣቢያው ላይ ዳቦ በልተን በመጣንበት ተመለስን። መንገዱን ሁሉ የምናወራው ስለሱ ነበር። ሌላው መሬት መቆፈር የማይሰለቸው ሰው ነበር፤ ለሱ ሙሉ ቀን ስንቆፍር ዋልን፣ ወገባችንም ሳምንት ሙሉ አልቀናልንም።

ጓደኛችን ናፍታሊ የሞተው በዚህ አገር ክረምት፣ ከሐኑካ በዓል በኋላ ነው። እንደተኛ ቀረ። ናፍታሊ የወገራ ሰው ነው፤ ቀድሞ በሱዳን በኩል የመጣ። ሥራው የባህር ዳሩን አሸዋ ማጽዳት ነበርና እዚያው ያሉት የዋናተኞች ጠባቂዎች ዋና አስተማሩት። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው። በጋ ከክረምት፣ ጎሕ ሲቀድ ከሮቫ ቫቭ በእግሩ ይወርዳል፤ ማዕበሉን እስከሚሰብረው የድንጋይ ክምር ዋኝቶ ይመለሳል። ክበብ ሲመጣ ፀጉሩ ገና አልደረቀም። ገበጣ የሚጫወተው ሁልጊዜ ከጌታው ጋር ነው። ጠጠሩን እየዘራ እንዲህ ይለዋል፤

"ሠላሳ ዓመት ጎረቤትህ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቤቱ ገብተህ አታውቅም።"

"ጎረቤቴን ከደጅ ሰላም እለዋለሁ" ይላል ጌታው። "ይበቃዋል።"

የሐዘኑ ሠላሳ ቀን ካለፈ በኋላ ስለ መታሰቢያው ልንመክር ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን ራፋኤል ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ነገር ቶሎ ማለቅ አለበት የሚል ሰው።

"ናፍታሊ የሚወደው ባህር ነው" አለ ራፋኤል። "ስለዚህ ወደ ባህር እንወርዳለን። ጥላ ሥር ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ዳቦና ምስር እንይዛለን፣ ስለሱ እናወራለን፣ እንመለሳለን። ተስማማን?"

ሁላችን ተስማማን። ጌታው ብቻ አልተስማማም።

"ናፍታሊ ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ምስር ሲበላ አይተኸው ታውቃለህ?" አለ።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ያ የናፍታሊ አይደለም። እሱ ይገባ ነበር። ለባቡረኛው ጣቢያው ላይ ቁጭ ብለን አልተመለስንም፤ ተሳፈርን።"

"ማን ይግባ?" አለ ራፋኤል። "እዚህ ቤት ዋና የሚችል አለ?"

"እኔ እገባለሁ" አለ ጌታው።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። የአባቱን ነገር የምናውቅ እኔና ሌላ አንድ ሰው ቀድመን ሳቃችንን ዋጥነው። ራፋኤል ፊቱን አይቶ፣ "እንግዲያው ጊዜ ስጠን" አለ። ባህሩ ጠባቂ የሚቆምለት ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ መታሰቢያው ከፋሲካ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ከሚውለው ከሻቩዖት በዓል በኋላ ይሁን ተባለ። እኔ በልቤ እስከዚያ ይረሳዋል ብያለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ሬቪታል ክበባችንን የምታስተባብር ልጅ ናት። እናት አባቷ የጎንደር ሰዎች፣ እሷ እዚሁ የተወለደች። ጉዳዩን ስትሰማ ስልኳን አስቀምጣ ቆመች።

"አባ ጌታው፣ ሰባ አራት ዓመትዎ ነው። አሂራዩቱ በኔ ላይ ነው የሚወድቀው" አለች፤ ኃላፊነቱ ማለቷ ነው። "ከሮፌ ኢሹር ካላመጡ አልስማማም።"

በማግስቱ ሐኪሙ የፈረመበትን ፈቃድ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። እሷም በበኩሏ ሠራች፤ ወንዶች ለብቻቸው የሚገቡበት ሰዓት ያለው የመዋኛ ገንዳ ፈልጋ፣ አስተማሪ አናግራ፣ ቀን አስያዘችለት። ጌታው ሴት ባለችበት ልብሱን እንደማያወልቅ ሳይነግራት ነው የገባት።

ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ግን የናፍታሊ ሚስት ጌጥነሽ ጠራችው። ወሬው ደርሷታል። አብሬው ሄድሁ። ገና ሳንቀመጥ ጀመረችው።

"ወንድሜ ጌታው፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኔ ስንት ዓመት ጧት ጧት በረንዳው ላይ ቆሜ እንደኖርሁ ታውቃለህ? በመንገዱ ጥግ ብቅ እስኪል ድረስ ውሃ እንኳ አልጠጣም ነበር። ብሞት ይገላግለኛል የምልበት ቀን ነበር። አልጋው ላይ ስለሞተልኝ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። አሁን አንተን በሱ ስም ውሃ ቢበላህ ሰብለወርቅን በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

ጌታው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የናፍታሊን ፎቶ አየና፣

"አልገባም ብዬ አልዋሽሽም፣ እህቴ" አለ። "ዋና ሳልችል አልገባም። ይህን ግን ቃሌን እሰጥሻለሁ።"

"መቻልህን ማን ይነግረኛል?"

"መጥተሽ ታያለሽ።"

"አልመጣም" አለች። ወደ በሩ ሸኘችን፤ ደህና ዋሉ ስትል ድምፏ ቁጣም ልመናም ነበረበት።

አስተማሪው ጋዲ ይባላል። ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ስልሳን ያለፈ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ ሰው ነው። ገንዳው ውስጥ ጢማቸውን ያሳደጉ ሃይማኖተኞች ወዲያ ወዲህ ይዋኛሉ። ጌታው ሰብለወርቅ የገዛችለትን እጀ ሙሉ የዋና ልብስ ለብሶ መሰላሉ ላይ ደረሰ። እኔ ዳር ላይ ወንበር ይዣለሁ፤ ልብስ ጠባቂ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይኸው ነበር፤ ጌታው የመሰላሉን የመጀመሪያ ደረጃ ረግጦ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ቆመ። ጋዲ ውሃ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ቆመ። አልጎተተውም፣ አላባበለውም። ሲያልቅ "ሐሙስ ና" ብቻ አለው።

ሐሙስ ሄደ። ቀጥሎ ባለውም ሄደ። የገንዳውን ወለል ለመርገጥ ሳምንታት ወሰደበት። ከሁሉ የከበደው ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ነበር። ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞልቶ፣ ተንበርክኮ፣ ፊቱን እየነከረ ትንፋሹን ሲያስወጣ ሰብለወርቅ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ በሽምግልናህ ምን ልትሆን ነው?"

"ዝም በይ፣ እየቆጠርሁ ነው።"

"ፎጣውን እኔ ነኝ የማጥበው" ትለዋለች፤ ግን ውሃውን ለብ አድርጋ የምትሞላለት እሷው ነበረች።

አንድ ቀን ጋዲ ውሃው ላይ በጀርባው ሊያስተኛው ሲል ጌታው አመነታ።

"ስትለቀኝ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አላውቅም" አለው በዕብራይስጡ፤ ዕብራይስጡ አጭር ነው። ከዚያም የአባቱን ነገር ነገረው። ለሰው ሲነግር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጋዲ እስኪጨርስ ሰማውና፣

"ሌሎች አስተማሪዎች ሳይናገሩ ይለቃሉ" አለ። "ሰውየው መንሳፈፉን በኋላ ያውቃል፣ ይደሰታል። አንተን እንደዚያ አላደርግህም። እጄን ከማንሣቴ በፊት እነግርሃለሁ። እምቢ ካልህ አላነሣም።"

ቃሉን ጠበቀ። "ላንሣ?" ይላል፤ ጌታው "አታንሣ" ይላል፤ አያነሣም። ስንትና ስንት ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን "ላንሣ?" ሲለው ጌታው ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ "አንሣ" አለ። ጋዲ እጁን አነሣ። ጌታው በጀርባው ተኝቶ ቀረ። እግሩ ትንሽ ወደ ታች ወረደ እንጂ ራሱ አልጠለቀም። ዳር ላይ ሆኜ እኔ ነኝ ትንፋሼን የያዝሁት።

ሁሉም ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ፋሲካ ሲቃረብ፣ ጥልቅ ወደሆነው ወገን ሲሻገር ውሃ አፉ ገባ። ደነገጠ፤ የጋዲን አንገት አንቆ ሁለቱም ሰመጡ። ጋዲ ጎትቶ አወጣው፤ የራሱ የጋዲ አንገት ግን ተቧጥጦ ደም አወጣ። ጌታው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሲያስል ቆየና ልብሱን ለብሶ ወጣ። ቤቱ ደርሶ ለሰብለወርቅ "ጨረስሁ" አላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች ክበብ መጥቶ ገበጣ ይጫወት ነበር። ሰው ሁሉ አዘነለት። "ሞክረሃል" ይሉታል። "ናፍታሊ ቢኖር ይበቃሃል ይል ነበር።" "በዚህ ዕድሜ ይኼን ያህል መድረስህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።" ራፋኤል ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ምንጣፉን እኔ ነኝ የማመጣው" አለው። ጌታው ጠጠር የያዘ እጁን ገበጣው ላይ አቁሞ ሁላችንን በየተራ አየን። ከስድብ ይልቅ ያ ሐዘኔታ ነው ያስቆጨው። ጨዋታውን ሳይጨርስ ተነሣና፣

"ሐሙስ ልብሴን ትጠብቅልኛለህ?" አለኝ።

ሐሙስ ጋዲ አንገቱ ላይ የተላጠው ሳይድን ውሃ ውስጥ ሆኖ ጠበቀው። ይቅርታ ሲለው "ግባ፣ ሰዓት እየሄደ ነው" አለው። ከዚያ ቀን በኋላ ጌታው ወደኋላ አላለም ማለት ይቻላል። እንደ እንቁራሪት እጅና እግሩን እየሰበሰበና እየዘረጋ መሄድ ተማረ። ዘገምተኛ ነው፤ ጢማሞቹ ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ እሱ አንድ ጊዜ ይደርሳል። ግን ይደርሳል።

ሻቩዖት አለፈ። መታሰቢያው ቀን የክበቡ ሰው ሁሉ ወረደ፤ ራፋኤል ምንጣፉን አነጠፈ። የጠባቂው ማማ ላይ ጥቁር ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ባህሩ ተቆጥቷል፣ መግባት ክልክል ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለን።

"ባህሩ ራሱ አልፈቀደም" አለ ራፋኤል። "ሰው የሚችለውን አድርጓል። እንብላ፣ እንጸልይ፣ እንሂድ።"

ጌታው ቁጭ ብሎ ምስሩን በላ። ስለ ናፍታሊ የተወራውን ሰማ፣ ጸሎቱንም አብሮ አደረሰ። ከዚያ ፎጣውን አጣጥፎ በከረጢቱ ከተተና "እኔ ነገ እመጣለሁ" አለ።

በማግስቱም ጥቁር ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀይ ሆነ፤ ጠባቂው ለሽማግሌ አይሆንም ብሎ መለሰው። ጌታው አልተጨቃጨቀም። "መቼ ይሻላል?" ብሎ ጠይቆ ይመለሳል፤ ሲነጋ እንደገና ይወርዳል። ስድስት ሰባት የምንሆን አብረነው መውረድ ጀመርን፤ እሱ ብቻውን ሲሄድ ማየት አሳፈረን። ሬቪታልም ከሥራ በፊት ብቅ ትላለች። ጋዲ በዕረፍት ቀኑ መጣ።

መግባት የሚፈቅደው ነጭ ባንዲራ የተሰቀለ ለታ ጧት፣ ባህሩ ረግቶ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ጌታው ያንን እጀ ሙሉ የዋና ልብሱን ለብሶ ሲመጣ ከኋላችን የሴት ድምፅ ሰማን። ጌጥነሽ ናት። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃለች።

"መጥተሽ ታያለሽ ብለኸኛል" አለችው። "መጣሁ።"

ጌታው ራሱን ነቀነቀላትና ወደ ውሃው ሄደ። ጋዲ በጎኑ ገባ፤ አልነካውም። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቆመ፣ ረጅም ጊዜ ቆመ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየን። ጌታው እጁን ወደኋላ አንሥቶ ሊያውለበልብልን የጀመረ ይመስል ነበር፤ ግን አላደረገውም፤ እጁን ወደፊት ዘረጋና ሄደ።

ወደ ጥልቁ አልነበረም። ጋዲ ከአሸዋው ጋር ጎን ለጎን እንዲዋኝ ነግሮታል። ጌጥነሽ አሸዋው ላይ በሱ ልክ ትሄዳለች፤ እሱ ሲዘገይ ትዘገያለች፣ ማዕበል ሲያነሣው ትቆማለች። ዓይኗን አንድ ጊዜ እንኳ አልነቀለችም። ከአንደኛው የጠባቂ ማማ እስከ ሌላኛው ሄዶ ዞረ፤ እሷም ዞረች። አንድ ጊዜ ማዕበል ራሱ ላይ አለፈበት፤ ጋዲ እጁን ሰነዘረ፤ ጌታው ግን አስሎ ውሃውን ተፋና ቀጠለ። ራፋኤል ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባ። እኔም ገባሁ። ሌሎቹም በየተራ ገቡ። ሁላችን በረድፍ ቆመን፣ ሱሪያችን ረጥቦ፣ እሱን ስናይ ቆየን።

ሲወጣ ጌጥነሽ ፎጣውን ሰጠችው።

"ናፍታሊ እጁን ከዚህ የበለጠ ይዘረጋ ነበር" አለች።

"እማራለሁ" አለ ጌታው።

ከዚያ በኋላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ እኛም ዙሪያዋን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ስለ ናፍታሊ ያወራነው እኛ የምናውቀውን ነበር። አሁን እሷ የምታውቀውን ነገረችን። ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸው በውሃ ጥም ታሞ እንደሞተ፤ ናፍታሊ ከዚያ ወዲህ ውሃ ባየ ቁጥር ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይችል፤ ባህሩን መጀመሪያ ያየ ቀን ከነጫማው እንደገባና ጨው መሆኑን ቀምሶ እንዳለቀሰ። ብዙ ዓመት አብረነው ኖረን ማናችንም አናውቅም ነበር። ሬቪታል ወደ ሥራዋ መሄዷን ትታ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሰማች። ጌታው ከሁላችን ቀድሞ ተናገረ።

"የልጁ ስም ማን ነበር?" አለ።

ነገረችው። በዚያ ቀን ጸሎት ስናደርስ ሁለቱንም ስም ጠራን።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት አለፈ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ የክበባችን ሰዎች ገንዳ እንወርዳለን፤ ሬቪታል ለሁላችን ሰዓት አስፈቀደችልን። አራት ነን፤ ከነዚህ አንዱ ራፋኤል ነው። ራፋኤል ውሃ ሲገባ የሰብሳቢነት ድምፁ ይጠፋበታል። ትናንት መሰላሉ ላይ ቆሞ ውሃው ቀዝቅዟል፣ ወገቤን አሞኛል፣ ለዛሬ ይቅር ሲል፣ ጌታው ውሃ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ቆሞ ነበር። አልጎተተውም።

"አትቸኩል" አለው። "እኔ የትም አልሄድም።"